ሳይጣደፉ ኒንጃ መንዳት፦ ከግዢ እስከ መጀመሪያው ኩርባ

ሞተሬን ለመጀመሪያ ጊዜ የጣልኳት ቆሜ ነው። እየበረርኩ አይደለም፣ ኩርባ ላይም አይደለም። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን መኪና ማቆሚያ ላይ፣ እሁድ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ከተበተነ በኋላ እየተለማመድኩ ነበር። ላቆም ስል ግራ እግሬ ጠጠር ላይ አረፈና ሸርተት አለ። ሞተሯ መጀመሪያ ዘንበል፣ ከዚያ ዘመም፣ ከዚያ እንደ ደከመው በሬ ጋደም። ነጠላቸውን ያጣፉ ሁለት እናቶች መኪናቸው አጠገብ ቆመው ያዩኛል። "እኔን! ልጄ፣ ይሄ ነገር ይቅርብህ" አሉኝ አንደኛዋ። ሌላዋ ምንም አላሉም፤ አማተቡ።

የተጎዳው የፍሪሲዮን መያዣው ጫፍና የእኔ ኩራት ብቻ ነበር። ብቻዬን አነሳኋት፣ አስነሳኋት፣ ቀጠልኩ። ጀማሪ ሞተሩን ይጥላል፤ እኔም ጣልኩ፣ እናንተም ትጥላላችሁ። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ሞተር ብትወድቅ የማታከስር፣ ብቻችሁን የምታነሷት፣ ስትሳሳቱ ይቅር የምትል መሆን አለባት። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህ የተነሳ ነው።

እኔ ያለችኝ ካዋሳኪ ኒንጃ 400 ስለሆነች ምሳሌዬ እሷው ናት። ያማሃ አር3 ወይም ሆንዳ ሲቢአር300አር የያዛችሁም አብዛኛው ይሠራላችኋል።

1. ሲሲ ስትመርጡ ለጓደኛ ጆሮ አትስጡ

"400 ምን ያደርግልሃል? በወሩ ይሰለችሃል። 600 ግዛ" የሚል ሰው አይጠፋም። ብዙ ጊዜ ራሱ ሞተር የለውም።

በቁጥር እንየው። ኒንጃ 400 የ2018 ሞዴል ሆና ወጣች (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። 399 ሲሲ (የኢንጂኑ መጠን ነው)፣ ሁለት ሲሊንደር፣ 45 የፈረስ ጉልበት አካባቢ። ኤቢኤስ (ስትይዙት ጎማው እንዳይቆልፍ የሚያደርግ) ፍሬን ያላት ነዳጇን ሞልታ 168 ኪሎ ትመዝናለች። እንደ ያማሃ አር6 ያለ 600 ሲሲ ደግሞ አራት ሲሊንደር አለው፤ ጉልበቱ ከ100 ያልፋል፤ ክብደቱ ግን የሚበልጣት በ20 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። ያ ሁሉ ጉልበት ያለው ቀኝ እጃችሁ ላይ ነው። የጀማሪ ቀኝ እጅ ደግሞ አይታመንም። ጉድጓድ ሲመታችሁ ትደነግጣላችሁ፣ ስትደነግጡ ትጨብጣላችሁ፣ ስትጨብጡ ነዳጅ ትሰጣላችሁ። ያኔ ትንሿ ገፋ ታደርጋችኋለች። ትልቁ ይዟችሁ ይሄዳል።

ደካማ ናት ማለቴ አይደለም። ሀይዌይ ላይ 70 ማይል እየሄደች ገና ትንፋሽ ይተርፋታል።

በጀት ካጠራችሁ ታላላቅ እህቶቿም አሉ። ከ2013 እስከ 2017 የነበረችው ኒንጃ 300 ጥሩ ናት። ከ2008 እስከ 2012 የነበረችው 250ም ጥሩ ናት፤ ግን አሜሪካ ውስጥ የተሸጠችው ነዳጅና አየር የሚቀላቅል ካርቡሬተር ያላት ናት። ክረምቱን ሙሉ ነዳጅ ይዛ ከቆመች ካርቡሬተሯ ይደፈናል። ለጀማሪ አንድ ራስ ምታት ይበቃዋል፤ በእሱ ፈንታ ነዳጅ የሚረጭ ኢንጀክሽን ያላትን ፈልጉ። በ2024 ካዋሳኪ 451 ሲሲ የሆነችውን ኒንጃ 500 ስላመጣ ያገለገሉ 400ዎች ገበያ ላይ አሉ። 400ዋ በ2018 አዲሷን 4,999 ዶላር፣ ኤቢኤስ ያላት 5,299 ዶላር ነበር የተተመነችው። ያገለገለች ይዞ ከዚያ በላይ ለሚጠራባችሁ ሰው ፈገግ ብላችሁ ደህና ዋል በሉት።

ኤቢኤስ ያላትን እንድትይዙ አጥብቄ እመክራለሁ። በእኔ ቤት ይሄ ድርድር የለውም።

አንድ ነገር ለአገር ቤት ሞተረኞች። ቦክሰር ወይም አፓቼ አዲስ አበባ ላይ የነዳችሁ ሰዎች "ይሄማ ምን አለው" ብላችሁ ትመጣላችሁ። ሚዛን መጠበቅ ታውቃላችሁ፣ እውነት ነው። ግን እዚያ የተቀመጣችሁት ቀጥ ብላችሁ ነው። ስፖርት ሞተር ላይ መሪው ዝቅ ይላል፣ እግር ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ደረት ወደ ፊት ያጋድላል። መሪውም እንደዚያኛው ብዙ አይታጠፍም። ኒንጃ 400 ከስፖርት ሞተሮች ቀና ብላ የምታስቀምጥ ናት፤ ቢሆንም የመጀመሪያውን ቀን ዞራችሁ ለመመለስ ስትሞክሩ ልዩነቱ ይገባችኋል።

2. ሞተሩን ሳትገዙ ኮርሱን ውሰዱ

ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው። የሞተርሳይክል ሴፍቲ ፋውንዴሽን መነሻ ኮርስ በብዙ ግዛቶች ይሰጣል። ክፍል ውስጥ ወይም በኢንተርኔት 5 ሰዓት ያህል፣ ሜዳ ላይ 10 ሰዓት ያህል ነው። ሞተሩን የሚያቀርቡት እነሱ ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ የምትጥሉት የእነሱን ነው፤ ይሄ ብቻውን የኮርሱን ዋጋ ያወጣል። በብዙ ግዛቶች፣ ቨርጂኒያን ጨምሮ፣ ኮርሱን ያለፈ ሰው መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት (ዲኤምቪ) ውስጥ የመንዳት ፈተና አይጠበቅበትም። ሁለት ቀን ሞክራችሁ "ይሄ ለእኔ አይደለም" ካላችሁም የከሰራችሁት የኮርሱን ክፍያ ብቻ ነው።

ኢንሹራንሱንም ሳትገዙ ጠይቁ። የሞተሯን የሻንሲ ቁጥር ከሻጩ ተቀበሉና ደውሉ። ሻንሲ ቁጥሩን ቪን ቼክ በሚባለው ነጻ የኢንተርኔት መፈለጊያ ላይም አስገቡት፤ የተሰረቀች ወይም በኢንሹራንስ ከጥቅም ውጪ የተባለች ከሆነች ሊያሳያችሁ ይችላል።

3. ልብስ ከሞተር በጀት አይቀነስም

ሰው 4,000 ዶላር ይዞ የ4,000 ዶላር ሞተር ይገዛና በስኒከር ይነዳል። እንዲህ አታድርጉ። ከገንዘባችሁ ላይ መጀመሪያ የልብሱን አስቀምጡ፤ በቀረው ሞተር ፈልጉ።

ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ ውስጥ ሄልሜት ለሁሉም ሰው ግዴታ ነው። ያገለገለ ሄልሜት አትግዙ፤ አንድ ጊዜ ከተመታ በኋላ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ የተሰበረ ሊሆን ይችላል። ሱቅ ሄዳችሁ አጥልቁት። ጉንጫችሁን ጨፍለቅ ማድረግ አለበት። ግራና ቀኝ ስታዞሩት የጉንጭና የግንባር ቆዳችሁ አብሮት መንቀሳቀስ አለበት። ሱቁ ውስጥ 20 ደቂቃ አድርጋችሁት ተንጎራደዱ፤ ሻጩ ይይ፣ ምን ገዶት። ግንባራችሁ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ከቆረቆራችሁ ቅርጹ የእናንተ አይደለም፤ ሌላ ሞክሩ።

የእኛ ጉዳይ ደግሞ ጸጉር ነው። አፍሮ አድርጋችሁ የለካችሁት ሄልሜት ተላጭታችሁ ስትመጡ ይዞራል። ሹሩባ የምትሠሩ ሴቶችም በዚያው በምትነዱበት አሠራር ለኩት። ወፍራም ጉንጉን ከኋላ ካለ ሄልሜቱን ወደ ፊት ገፍቶ ዓይን ላይ ያመጣዋል።

ቀሪው አጭር ነው። ለሞተር ተብሎ የተሠራ ጃኬት፣ መዳፉ የተደረበ ጓንት፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ። ሰው ሲወድቅ የሚዘረጋው እጁን ነው፤ ጓንትን በሙቀት ሰበብ አታስቀሩ። የጫማ ክርም ወደ ውስጥ ክተቱ። የማርሽ ፔዳል ላይ የተጠመጠመ የጫማ ክር ብዙ ሰው ጥሏል።

4. ያገለገለች ስታዩ በእጃችሁ ተነጋገሩ

ወደ ሻጩ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ነገር ብቻ ለምኑት፦ "እስክመጣ አታስነሳት።" ስትደርሱ ሰላምታው እንዳለቀ እጃችሁን ኢንጂኑ ላይ አሳርፉ። ከሞቀ ሰውየው ቀዝቅዛ እያለች አልነሳ የምትልበትን ነገር ደብቋችሁ ይሆናል። ቀዝቅዛ፣ በአንድ ጫና፣ ነዳጅ መስጫው ሳይነካ መነሳት አለባት።

ከዚያ በጫፎቿ ጀምሩ። ሞተር ሲወድቅ መጀመሪያ መሬት የሚነኩት የፍሪሲዮንና የፍሬን መያዣ ጫፎች፣ የመሪው ጫፎች፣ የእግር ማሳረፊያዎቹ ናቸው። ቆማ የወደቀች ሞተር ጫፏ ላይ ትንሽ ጭረት ይኖራታል፤ ይሄ አያስፈራም። እየሄደች የወደቀች ግን ፕላስቲኳ ላይ ረጅም መስመር፣ የእግር ማሳረፊያዋ ላይ የተሞረደ ብረት ይታያል። ፕላስቲኩ ሁሉ አዲስ ሆኖ ጫፎቹ አሮጌ ከሆኑም "ለምን ተቀየረ?" በሉ።

አሁን ብዙ ሰው የማያየውን ላሳያችሁ። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ አጥፉና ጎንበስ በሉ። ከመሪው ሥር፣ መሪው ከዚህ በላይ እንዳይዞር የሚያቆመው ትንሽ የብረት ጉብታ አለ። በቀኝም እንዲሁ። ያ ጉብታ ከተጨፈለቀ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ቀለሙ ተፈርፍሮ ከተሸነቆረ የፊት ጎማው በኃይል ተጠምዝዞ መቶታል ማለት ነው። አንድ ጊዜ ላይ "እህቴ ናት ትነዳት የነበረችው፣ ወድቃ አታውቅም" የተባልኩባት ውብ ሞተር ነበረች። ታጥባ ታብረቀርቃለች። ጎንበስ ስል የቀኙ ጉብታ ግማሹ የለም። ሰውየውን አመስግኜ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከዚያ የፊት ሹካውን ተመልከቱ። የሚያብረቀርቀውን ዘንግ በጣታችሁ ጥረጉት። ዘይት ከነካችሁ ጎሚኒው አልቋል፤ የሚሠራ ነገር ነው፣ ግን ከዋጋው ይቀነሳል። ካቴናውን ከኋላ ጥርሱ ላይ ወደ ኋላ ሳቡት፤ ከጥርሱ ተለይቶ ብርሃን ካሳየ ያረጀ ነው። ጥርሶቹ ራሳቸው ወደ አንድ ጎን እንደ ማዕበል ከጎበጡ ካቴናና ጥርሶቹ አብረው ይቀየራሉ። የፍሬን ዘይቱን ማያ እዩ፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ፈዛዛ ቢጫ ጥሩ፣ ቡና የመሰለ ደግሞ ችላ መባሏን ይነግራችኋል።

ጎማው ጎን ላይ አራት ቁጥር ፈልጉ። 2319 ካለ በ2019 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማም በዕድሜ ይደርቃል። ጎማ ትቀይራላችሁ ብላችሁ ዋጋ ውስጥ አስገቡት።

በመጨረሻ ቁልፉን ስትከፍቱ የኤቢኤስ መብራት መብራት አለበት፤ ትንሽ ከተነዳች በኋላ ይጠፋል። ጭራሽ ካልበራ አንድ ሰው ሆን ብሎ አጥፍቶት ወይም አንድ ነገር ተበላሽቶ ይሆናል። ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥርና መሪው አንገት ላይ የተቀረጸው አንድ መሆናቸውን አይታችሁ ብሩን ስጡ። የሞተር መንጃ ፈቃድ ገና ካልያዛችሁ ወደ ቤት የሚያመጣላችሁ የሚነዳ ጓደኛ ወይም ፒክአፕ ያለው ሰው ይሁን። የገዛችሁበት ቀን ሞቅታ ላይ ናችሁ፤ ሀይዌይ አትውጡ።

5. ቤት ውስጥ፣ ኢንጂን ጠፍቶ

ግራ እጅ ፍሪሲዮን። ቀኝ እጅ ነዳጅና የፊት ፍሬን። ግራ እግር ማርሽ። ቀኝ እግር የኋላ ፍሬን። አራቱም እጅና እግር ሥራ አላቸው፤ ስለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ የሚያምታታው።

ማርሹ አንደኛ ወደ ታች ነው። ሌሎቹ ወደ ላይ። ኒውትራል በአንደኛና በሁለተኛ መካከል፣ በግማሽ ምት። ኒውትራል ፍለጋ ጀማሪን መብራት ላይ ያስለቅሳል። ካዋሳኪዎች ለዚህ መላ አላቸው፦ ቆማችሁ እያላችሁ ከአንደኛ ወደ ላይ ስታነሱት ሁለተኛ አይገባም፣ ኒውትራል ላይ ይቆማል። ይህን የምታውቁ ከሆነ ቆማችሁ ብቻ ፈልጉት፤ እየተንከባለላችሁ አይሠራም።

ደግሞ አንድ የጀማሪ ምሥጢር። ማርሽ ስታስገቡ ሞተሯ ቀጥ ብላ ከጠፋች መካኒክ ጋ አትሩጡ። የጎን ማቆሚያው ወርዶ ነው። እንደዚያ የተሠራች ናት። እኔ 15 ደቂቃ ባትሪ ስጠረጥር ነበር።

6. ባዶ ሜዳ፦ ሁለት ሳምንት እዚህ ኑሩ

ሞተር መንዳት የሚከብደው ፈጥናችሁ ስትሄዱ አይደለም። በ40 ማይል ጎማዎቹ ራሳቸው ሳትወድቅ ቀጥ አድርገው ይይዟታል። የሚከብደው በ5 ማይል ነው። ስለዚህ ባዶ መኪና ማቆሚያ ፈልጉ፤ ጠዋት በማለዳ፣ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ። እንደ እኔ ሳይሆን መጀመሪያ በእግራችሁ ዞራችሁ ጠጠሩን እዩ።

መጀመሪያ ግማሽ ፍሪሲዮንን ተማሩ። ሁለት እግር መሬት፣ አንደኛ ማርሽ፣ ነዳጅ የለም። ፍሪሲዮኑን በጣም ቀስ አድርጋችሁ ልቀቁ። የሆነ ቦታ ላይ የኢንጂኑ ድምፅ ዝቅ ይላል፣ መሪው ትንሽ ይርገበገባል፣ ሞተሯ ወደ ፊት "ልሂድ?" ትላለች። እዚያ ያዙት። አንድ ጫማ ያህል ትሂድ፣ መልሳችሁ ሳቡት፣ በእግራችሁ ወደ ኋላ ግፏት። ይህን 30 ጊዜ አድርጉ። ይሰለቻል፤ ይሁን። ያቺን ቦታ እጃችሁ ሳያስብ ካላገኛት ቀሪው ሁሉ ሸክም ነው። የ400ዋ ፍሪሲዮን በጣም ቀላል ስለሆነ ጣት አይደክምም፤ ለዚህም ነው ለጀማሪ የምወዳት።

ቀጥሎ እግራችሁን መሬት ላይ እያስኬዳችሁ ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ። ከዚያ እግር አንስታችሁ ቀጥ ብላችሁ ሂዱና ቁሙ። ስትቆሙ ሁልጊዜ ግራ እግር ይውረድ፤ ቀኙ የኋላ ፍሬን ላይ ይቆይ።

ከዚያ መዞር። የቴኒስ ኳሶችን ለሁለት ቆርጣችሁ መሬት ላይ ድፉ፤ ጎማ ቢወጣባቸው አይጎዱም። ስምንት ቁጥር ሥሩ። ፍሪሲዮን ግማሽ ላይ፣ ነዳጅ ትንሽ እኩል፣ የኋላ ፍሬን ሳሳ ብሎ ተጭኖ። ሦስቱ አብረው ሲሠሩ ሞተሯ በገመድ እንደተያዘች ቀጥ ትላለች። ዓይናችሁ ልትሄዱ ወደምትፈልጉበት ይሁን። ኳሱን ካያችሁ ኳሱን ትወጡበታላችሁ። አንገታችሁን አዙሩ፤ አገጫችሁ ትከሻችሁን እስኪያልፍ።

አንድ የማይጣስ ሕግ አለ፦ በቀስታ እየዞራችሁ፣ መሪው ታጥፎ እያለ፣ የፊት ፍሬን አትንኩ። ያኔውኑ ትወድቃለች። ቆመው የሚወድቁ ሞተሮች ግማሾቹ፣ በእኔ ግምት፣ በዚህ ነው።

ከወደቀች አትታገሏት። በቀይዋ ማጥፊያ ኢንጂኑን አጥፉ። በቀኝ ጎኗ ከወደቀች መጀመሪያ የጎን ማቆሚያውን ዘርጉ፤ አለበለዚያ አንስታችሁ ወደዚያ ማዶ ትጥሏታላችሁ። ጀርባችሁን ስጧት። ወገባችሁን ከወንበሩ ጋር አስደግፉ፣ ቁጢጥ በሉ፣ በአንድ እጅ መሪውን፣ በሌላው ከኋላ ጠንካራ ብረት ያዙ። በእጃችሁ አታንሷት፤ በእግራችሁ ወደ ኋላ ትናንሽ እርምጃ ሂዱ። ትነሳለች። ከዚያ አንድ ደቂቃ ተቀመጡ፣ ውሃ ጠጡ፣ ዙሪያችሁን አይታችሁ ማንም አላየኝም በሉ።

7. ፍሬን የሚጨመቅ እንጂ የሚነጠቅ አይደለም

አገር ቤት "የፊት ፍሬን ይገለብጣል" እየተባልን ነው ያደግነው። በሳይክል ዘመን። ሞተር ላይ ግን ከሚያቆማችሁ ኃይል 70 ከመቶና ከዚያ በላይ የሚመጣው ከፊት ነው። ስትቆሙ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይሄድና የፊት ጎማውን መሬት ላይ ይጫነዋል።

ነገሩ ያለው አያያዙ ላይ ነው። ሎሚ እንደምትጨምቁ አድርጉት። መጀመሪያ ለስለስ፣ ሹካው ዝቅ ይላል፣ ከዚያ ጠንከር። በድንገት ከነጠቃችሁት ክብደቱ ሳይደርስ ጎማው ይቆልፋል። በ20 ማይል ቀጥ ብላችሁ እየሄዳችሁ አንድ መስመር ላይ ለመቆም ተለማመዱ፤ ሁለቱንም ፍሬን አንድ ላይ። በየቀኑ አምስት ጊዜ፣ ትንሽ ትንሽ እያጠነከራችሁ። ኤቢኤስ ሲሠራ መያዣው ጣታችሁ ላይ ይንቀጠቀጣል። አትልቀቁት። አንድ ጊዜ ሜዳ ላይ ካልተዋወቃችሁት መንገድ ላይ ያስደነግጣችኋል።

8. መንገድ

የመጀመሪያው ቀን እሁድ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ቀኝ ብቻ እየታጠፋችሁ በሰፈር ዙሪያ። 395 የሚባለው ሀይዌይ ላይ መውጣት ለሌላ ወር ነው። ሰው ከኋላ መጫንማ ለሌላ ዓመት።

ከፍ ባለ ፍጥነት ሞተር የሚታጠፈው በግፊት ነው። ወደ ግራ ለመሄድ የግራውን መሪ ወደ ፊት ግፉ። መጀመሪያ ስሰማ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቀጥ ባለ ባዶ መንገድ በ25 ማይል በመዳፋችሁ በትንሹ ነካ አድርጉት፣ ወዲያው ወደዚያው ትጋደማለች። ፍጥነት የሚቀነሰው ኩርባው ሳይጀምር ነው። ኩርባው ውስጥ እኩል ነዳጅ፣ ዓይን ወደ መውጫው።

አሁን ስለሚያስፈራው። ሃሪ ኸርት በመራው፣ ሎስ አንጀለስ አካባቢ ወደ 900 የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ ሄዶ በመረመረውና በ1981 በወጣው ጥናት፣ ሞተር ከሌላ መኪና ጋር ከተጋጨባቸው አደጋዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ መኪናው ቅድሚያ ከልክሎ ያመጣቸው ነበሩ። ብዙ ጊዜ ነገሩ እንዲህ ነው፦ እናንተ ቀጥ ትመጣላችሁ፣ ከፊት ያለው መኪና ወደ ግራ ይታጠፋል፣ ሹፌሩ ወጥቶ "አላየሁትም" ይላል። እውነቱን ነው፤ አላየም። ትንሽ ናችሁ፣ ፍጥነታችሁም አይገመትም።

ስለዚህ መስቀለኛ በደረሳችሁ ቁጥር ነዳጁን ቀነስ፣ ሁለት ጣት ፍሬኑ ላይ። የሹፌሩን ፊት ሳይሆን የፊት ጎማውን እዩ፤ ዓይን ይዋሻል፣ ጎማ ግን ሲዞር ይታያል። መስመራችሁ ውስጥ ትንሽ ወደ ጎን ተንቀሳቀሱ፤ የሚንቀሳቀስ መብራት ይታያል። መብራት ላይ ስትቆሙ አንደኛ ማርሽ ውስጥ ሁኑ፣ ስፖኪዮ እያያችሁ፣ የምትሸሹበትን ክፍተት አውቃችሁ። ፍሬቻውን ከታጠፋችሁ በኋላ አጥፉት። እንደ መኪናው ራሱ አይጠፋም፤ እኔ አንድ ጊዜ ከሰቨን ኮርነርስ እስከ ቤቴ እያብለጨለጭኩ ሄጃለሁ።

ዳገት ላይ ቆማችሁ ስትነሱ በቀኝ እግር የኋላ ፍሬን ያዙ፣ ፍሪሲዮኑ እስኪነክስ ጠብቁ፣ ከዚያ ልቀቁ። የተቀባ መስመር፣ የብረት ክዳን፣ እርጥብ ቅጠል ላይ መታጠፍም ሆነ ፍሬን አይሆንም። አዲስ ጎማ ካስገባችሁ ለመጀመሪያዎቹ 100 ማይል ገራም ሁኑ፤ ያዳልጣል።

9. እጃችሁን የሚያቆሽሸው ክፍል

በየሳምንቱ የጎማ ንፋስ፣ ሳትነዱ በፊት፣ ጎማው ቀዝቅዞ። ቁጥሩ ሞተሯ ላይ ከኋላ ተለጥፏል።

ዘይት ስትገዙ ጠርሙሱ ላይ ጃሶ ኤምኤ (JASO MA) የሚል ይኑረው። የሞተር ፍሪሲዮን የሚሠራው እዚያው የኢንጂኑ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው። አንዳንድ የመኪና ዘይት ውስጥ ማንሸራተቻ ስላለ ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል። አዲስ ሞተር የገዛችሁ ከሆነ የመጀመሪያው ሰርቪስ 600 ማይል ላይ ነው፤ እንዳያልፋችሁ።

ክረምት ላይ ስታስቀምጧት የነዳጅ ታንከሯን ሙሉ፣ የነዳጅ ማቆያ ጨምሩበት፣ ባትሪዋን ቻርጀር ላይ ተዉት። አበቃ።

ካቴና ግን ወግ አለው። ካዋሳኪ በየ600 ኪሎ ሜትሩ፣ 400 ማይል መሆኑ ነው፣ ቀቡት ይላል። በቤንዚን አትጠቡት፤ ውስጡ ያሉትን ትንንሽ የጎማ ቀለበቶች ይበላቸዋል። ነጭ ጋዝ (ኬሮሲን)፣ ያቺው እናቶቻችን ምድጃ ላይ የሚያነዷት፣ በለስላሳ ብሩሽ ትበቃለች። ኢንጂኑ ጠፍቶ፣ ኒውትራል ላይ፣ የኋላ ጎማውን በእጃችሁ እያዞራችሁ። ኢንጂን አስነስቶ ጨርቅ የሚያስጠጋ ሰው ካያችሁ ቁልፉን ንቀሉት። ካቴናና ጥርስ መካከል የገባ ጣት ተመልሶ አይወጣም።

የምትቀቡበት ጊዜ ደግሞ ነድታችሁ ስትመለሱ፣ ካቴናው ገና ሞቆ እያለ ነው፤ ዘይቱ ውስጥ ይገባለታል። የእኔ ልማድ የመጣው ከመጀመሪያው የስካይላይን ድራይቭ ጉዞዬ ነው። ሸናንዶዋ ፓርክ ውስጥ በተራራ ጀርባ ላይ የተዘረጋ 105 ማይል መንገድ፣ ፍጥነቱ በ35 ማይል የተገደበ፣ ኩርባ በኩርባ። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም፤ አጋዘኑን ብቻ ተጠንቀቁ፣ አንዱ ካለፈ ሌላው ይከተለዋል። ሦስት ወር ከተለማመድኩ በኋላ በፍሮንት ሮያል በኩል ገባሁ። የመጀመሪያው ኩርባ ሲመጣ ቀነስኩ፣ አንገቴን አዞርኩ፣ ግራውን ገፋ አደረግኩ፣ ገባች። ማታ አሌክሳንድሪያ ስደርስ ወገቤ ተቆራርጧል። ሄልሜቴን ሳላወልቅ ካርቶን አነጠፍኩ፣ ተንበረከክኩ፣ ጎማውን በአንድ እጄ እያዞርኩ በሌላው ዘይት መርጨት ጀመርኩ።